ለቤት ሠራሽ የካሜራ ስላይደር (ሲቀርጹ ካሜራው የሚንሸራተትበት ሐዲድ)፦ የመሳቢያ ሐዲድ ወይስ ቱቦ በኩሽኔታ?

የመሳቢያ ሐዲድ ሥራው ቀላል ነው። ጣውላ ላይ በብሎን አስረው ወዲያው መቅረጽ ይችላሉ። ችግሩ ሲሳብ ነው፤ ጫፉ በክብደት ወደ ታች ያዘነብላል፣ ምስሉም አብሮ ይዘማል። ለስልክ ግን ይበቃል።

እኔ የምመርጠው ሁለት የአሉሚኒየም ቱቦዎችን ነው። በሁለቱም ጫፍ ስለሚታሰሩ ከባድ ካሜራ ይችላሉ። ለመንሸራተቻው የስኬትቦርድ ኩሽኔታ ግሩም ነው፤ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ተራ የ8 ብሎን ልክ ይገባበታል። ኩሽኔታዎቹን በ45 ዲግሪ አዘንብሎ መግጠም ካሜራውን የሚሸከመው ጋሪ ወደ ጎን እንዳይወላገድ ያደርጋል። ዋናው ጭንቀት የቱቦዎቹ ትይዩነት ነው። ርቀታቸው ትንሽ ከተዛባ ጋሪው አንዱ ጋ ይጠብቃል፣ ሌላው ጋ ይላላል። መሃሉንም ጫፉንም ደጋግመው ይለኩ፤ እባክዎ ይህን አይዝለሉት! ቱቦውንም በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የምትፈጥረው መንገጫገጭ ቪዲዮው ላይ ይታያል።