ደሴ ፒያሳ ያለችው የኅትመትና የኢንተርኔት ቤት፦ ሥራ ፈላጊ ሆኜ እንዳየኋት

ቤቷ የምትገኘው ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብና ጨለማ ስለሆነ በዝናብ ቀን ተጠንቅቃችሁ ውጡ። በሩ ላይ «ጽሕፈት፣ ኅትመት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ኢንተርኔት» ተብሎ ተጽፏል። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራዬን እስካገኝ ድረስ ዘጠኝ ወር ሙሉ ተመላልሼባታለሁ፤ ስለዚህ ስለ አገልግሎቷ የምናገረው በአንድ ቀን ጉብኝት ያየሁትን አይደለም።

የተመረቅሁት በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የመውጫ ፈተና ለሁሉም የትምህርት ዘርፍ መሰጠት በጀመረበት ዓመት። ማለፊያውን 50 ከመቶ አልፌ ሐይቅ ከተማ ወላጆቼ ቤት ስገባ የቀረኝ ማመልከት ብቻ መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ማስታወቂያ በስልክ መከታተል ስለቀረ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ደሴ መውጣትና መስመር ያለው ቤት መፈለግ ግድ ሆነብኝ።

ስገባ መጀመሪያ ዐይኔን የሳበው በስተግራ ያለው ግድግዳ ነው። የረቡዕና የእሑዱ ሪፖርተር ጋዜጣ፣ የሰኞው በኩር ጋዜጣ፣ የሥራ ማስታወቂያ ያለባቸው ገጾች በሙሉ ተገልብጠው ተለጥፈዋል። የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን በቀይ ተሰምሮበታል፤ «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚለው ደግሞ ተከብቦ ተቀምጧል። ቀኑ ያለፈበት ወረቀት እዚያ ግድግዳ ላይ አያድርም። ማንበብ ነጻ ነው፤ ምንም ባትገዙ የሚቆጣችሁ የለም። ከሁሉ በላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ግን «ሥራ አስገባለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አትክፈሉ» የሚለው ነው። ይህን ከማንበቤ በፊት ለአንድ ደላላ 1,500 ብር ከፍዬ ነበር። ብሩም ደላላውም ጠፍተዋል።

ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ብቻ እንላቸዋለን። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለረጅም ዓመታት በጽሕፈት መኪና ሲጽፉ የኖሩ ሴት ናቸው። ሲቪዬን በፍላሽ ይዤ «አሥር ቅጂ ያትሙልኝ» ስላቸው አንዱን ብቻ አተሙና ቀይ እስክርቢቶ አንስተው ማንበብ ጀመሩ። አራት ገጽ ነበር። የተማርኳቸውን ኮርሶች በሙሉ ዘርዝሬ፣ በመጨረሻ «በቡድን የመሥራት ችሎታ፣ ጥሩ ተግባቦት» ብዬ ነበር የዘጋሁት።

«ይህን ሁሉ ትምህርት ቤቱ ነው ያደረገው። አንቺ ምን ሠርተሻል?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ቆይቼ የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ለጤና ጣቢያ የሚሆን የካርድ ክፍል መመዝገቢያ እንደነበረ፣ ሦስት ሆነን እንደሠራነው ነገርኳቸው። «ከሦስታችሁ ያንቺ እጅ የቱ ላይ ነው?» መረጃው የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ሲቪዬ ላይ ግን አንድም ቦታ አልጻፍኩትም። በዚያ ቀን አሥሩን ቅጂ ሳያትሙልኝ መለሱኝ። በማግስቱ አንድ ገጽ ተኩል አድርጌ ስመጣ አተሙት። ለመጀመሪያዋ ቅጂ ገንዘብ አልተቀበሉም።

ይህን በደንብ የምጽፈው ምክንያት ስላለኝ ነው። ማስታወቂያዎቻችን «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» ይላሉ። ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ ማመልከቻ፣ ሲቪ፤ ለአንድ ቦታ ስድስት ሰባት ወረቀት ይሄዳል። እኔ 31 ቦታ አመልክቻለሁ። አታሚ ቤት የሚያተርፈው እኛ ሳናስብ ብዙ ስናሳትም ነው። እትዬ ግን የማይሆነኝን ማስታወቂያ ይዤ ስቀርብ «ይሄ ሦስት ዓመት ልምድ ይላል፣ ብርሽን ያዢ፤ አብሽሪ፣ የሰኞው ይመጣል» እያሉ ይመልሱኝ ነበር።

ሥራ ያገኘሁበት ነገር የተጀመረው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ብዙ ደንበኞች ዓመታት ያለፋቸውን ፋይሎች ይዘው ይመጣሉ፤ ሲከፈቱ አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተዝረክርከው ይታያሉ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ ውስጥ) የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ፊደሎቻችንን ያስቀመጡት በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ በአንድ ፎንት ውስጥ ካለው 256 ቦታ ያልፋሉ። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፎንቶች ፊደሉን ለሁለት ከፍለው፣ አካሉን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ ያኖሩታል። እትዬ እንዲህ ያለውን ሰነድ እንደገና ቁጭ ብለው ይተይቡት ነበር።

«አንቺ የተማርሽው ለዚህ አይሆንም?» አሉኝ አንድ ቀን። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ የመለወጫ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ የሁለት ቁራጭ ጥንዶቹን መጀመሪያ፣ ነጠላዎቹን በኋላ እንዲያይ አደረግሁ። ቅደም ተከተሉን ባዛባሁበት ጊዜ «ሎ» የነበረው «ለ» ሆኖ፣ ቅጥያው ባዶ ሜዳ ላይ ቀርቶ አገኘሁት። ሲስተካከል ዐሥራ አንድ ገጽ የሆነ የእድር መተዳደሪያ ደንብ በአንዴ ተነበበ። ለዚያ ጊዜ የኢንተርኔት ሂሳብ አልጠየቁኝም፤ የቀረውን የኅትመት ዕዳዬንም ደብተራቸው ላይ ጽፈው እስክቀጠር ጠበቁኝ።

ኮምቦልቻ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድኩ ያሰብኩት ስለ አልጎሪዝም የሚጠይቁኝን ነበር። የጠየቁኝ ግን «ምን ሠርተሻል?» ብለው ነው። ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋቸው። የዕቃ ግምጃ ቤታቸው የድሮ መዝገብ እንዲሁ የማይነበብ ሆኖባቸው ነበር። የተቀጠርኩት ኮምፒውተርና ኔትወርክ ለመጠገን ነው፤ ፕሮግራም የምጽፈው አልፎ አልፎ ነው። ውሉን ከመፈረሜ በፊት ለእትዬ አሳየኋቸውና የሙከራ ጊዜው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንደማይበልጥ ያወቅሁት ያኔ ነው። የእኔ ውል ትክክል ነበር።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ኮምፒውተሮቹ አምስት ናቸው፤ በደህና የሚሠሩት ሦስቱ ናቸው፣ በመስኮቱ በኩል ያሉት። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ሲመጡ መስመሩ ይዝላል፤ ፋይል መላክ ያለበት ሰው ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ይድረስ። መብራት ሲጠፋ የሚሠራው አንድ ኮምፒውተርና አታሚው ብቻ ነው። ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ይዘጋል። በሐምሌ የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ክፍሉ ይበርዳልና ጋቢ ያዙ። የስካን ዋጋ ከሌሎቹ ቤቶች ይልቅ ይወደዳል።

ለእትዬ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፦ ዋጋውን በር ላይ ይጻፉልን። በመጀመሪያው ቀን ኪሴ ውስጥ 40 ብር ብቻ ስለነበረ፣ ስንት እንደሚያስከፍሉ መጠየቅ አፍሬ ደረጃው ሥር ረጅም ሰዓት ቆሜ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።