አራተኛ ፎቅ ድረስ ለምትወጣልን ሲስተር

ሰው ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ ሲያገኝ ስልኩን ለጎረቤት ሁሉ ያድላል። ግድግዳ ቀቢ ይጠቆማል፣ ሞግዚት ትጠቆማለች፣ ቅቤ የማይደባልቅ ነጋዴ እንኳ ይጠቆማል። እኔ ዛሬ የምጠቁማችሁ በአካባቢያችን ጤና ጣቢያ የምትሠራ የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። ምስጋናው ሁለት ዓመት ዘግይቷል። እርሷን ለማመስገን በቤታችን ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው እንዳለ መናገር ግድ ነው፤ እኛ ደግሞ ይህን ቃል መስኮት ዘግተን የምንናገር ሰዎች ነበርን። አሁን ወንድሜ ፈቅዷል፤ ጽሁፉንም ቀድሞ አንብቦታል። ነርሷ ስሟ እንዳይነሳ ስለጠየቀች፣ በቤታችን እንደለመድነው ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ያደግነው አራት ኪሎ ጀርባ፣ ስድስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. ዕጣ ደርሶን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ስንገባ እናቴ እልል ብላለች። የራሳችን መጸዳጃ ቤት፣ የራሳችን በር! ያ በር ምን እንደሚያስቀርብን ያወቅነው በዓመቱ፣ ወንድሜ ሲታመም ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር፤ የቴሌቪዥኑ ዜና አንባቢ ስለ እርሱ እንደሚናገር ስላመነ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ይሸፍነዋል። በድሮው ግቢ ቢሆን ከጨቅላነቱ የሚያውቁት እናቶች «ምን ነካብን ይህን ልጅ?» ብለው እኩል በተጨነቁ ነበር። በአዲሱ ብሎክ ግን ሰው ያወቀው ከታመመ በኋላ ነው። ደረጃ ላይ ሲያገኙት ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ የሚጠሩ ነበሩ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ሳላደርግ አልቀርም።

እናቴ እንጦጦ ማርያም ጸበል ወሰደችው፤ ሁለት ወር ከረሙ። አባቴ ዝም አለ። በመጨረሻ መሀል ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ስኪዞፍሬኒያ መሆኑ ተነገረን፤ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ፍሉፌናዚን የሚባል መርፌ ተጀመረለት። ድምፆቹ ቀነሱ። ዳነ ብለን ተደሰትን። ነገር ግን እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ይተኛል፣ ካልተገፋ አይታጠብም፤ ሲነሳ ደግሞ ከሳሎን በረንዳ፣ ከበረንዳ ሳሎን ይመላለሳል። መርፌው በአቅራቢያ እንዲወጋ ወደ ጤና ጣቢያው ሲዛወር ነው ሲስተርን ያገኘናት።

ሁለት ጊዜ ብቻውን አየችው። በሦስተኛው «ቤታችሁን ልየው» አለች። አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግሯ ወጥታ (አሳንሰር የለንም) ሶፋው ጥግ ተቀመጠች፤ ቡና ተፈላ። ስለ ድምፆቹ አንዳች አልጠየቀችም። አልፎ አልፎ በትንሽ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጭረት ታሰፍራለች። ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ ደብተሩን አዞረችልን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስታችን ወንድሜን ያዘዝንበት፣ ያረምንበትና የወቀስንበት ብዛት ነበር፤ ሠላሳ አንድ። «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ»፣ «ለእንግዳ እንዲህ ይደረጋል?»፣ «ጸጉርህን እይ»፣ «ስንት ዘመን ትተኛለህ?»። እናቴ አንገቷን ደፋች። ሲስተር ግን እጇን ይዛ «እናቴ፣ ይህን ህመም እርስዎ አላመጡበትም። ምንም ቢሉ፣ ምንም ቢያደርጉ ከእርስዎ የመጣ አይደለም» አለቻት። እናቴ ስታለቅስ የቆየችው የቡናውን እጣን ያህል ነው። ይህን ነገር ከዚያ በፊት ማንም አልነገራትም ነበር፤ እንዲያውም አንዲት ዘመዳችን «አቀማጥለሽ ነው» ብላታለች።

በኋላ ሲስተር የነገረችንን ተከትዬ ጥቂት አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጆርጅ ብራውን የተባለ ተመራማሪ እንግሊዝ ውስጥ ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ወንዶችን ሲከታተል ግር የሚል ነገር አገኘ፦ ወደ ወላጆቻቸው ወይም ወደ ሚስቶቻቸው የተመለሱት፣ ከወንድም ከእኅት ጋር ወይም በኪራይ ክፍል ከሚኖሩት ይልቅ ህመሙ ያገረሽባቸው ነበር። ፍቅር ማነሱ አልነበረም ነገሩ። የሚያገረሸው ወቀሳ፣ ምሬትና ከልክ ያለፈ ጭንቀት በበዛበት ቤት እንደሆነ ቀጥለው የመጡ ጥናቶች አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1976 ክሪስቲን ቮን እና ጁሊያን ሌፍ ባወጡት ጥናት ደግሞ እንዲህ ባለ ቤት በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ፊት ለፊት መዋል አደጋውን ከፍ እንደሚያደርገው ተጠቅሷል። የእኛን ደመርኩት፤ እናቴ ከወንድሜ ጋር ሳምንቱ ሳይጋመስ 35 ሰዓት ትሞላለች። ሥራዋን ትታ፣ ማኅበሯን ትታ፣ የድሮ ጎረቤቶቿን ለቅሶ እንኳ ሳትደርስ ስትጠብቀው ነበር የከረመችው።

የሲስተር የመጀመሪያ ትእዛዝ ታዲያ ለእናቴ ሆነ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ትውጣ። መድኃኒት ለልጇ የጠበቀች እናት መውጫ ሲታዘዝላት ገረማት። አሁን ማክሰኞና ዓርብ አራት ኪሎ ትሄዳለች፤ ስትመለስ የምታወራው ወሬ ስላላት ወንድሜን የምትጠይቀው ጥያቄ ቀነሰ። ለአባቴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አብረው ዳቦ እንዲገዙ ነገረችው። ማውራት ግዴታ አይደለም ተብሎለታል፤ ለአባቴ ከዚህ የተሻለ ሕክምና አይገኝም። ለእኔ የደረሰኝ «አንድ ነገር በአንድ ጊዜ፣ በአጭሩ፣ ከዚያ ዝም» የሚል ነው። እስካሁን የሚያቅተኝ «ከዚያ ዝም» የሚለው ነው።

መመላለሱንም ያየችው እርሷ ናት። እኛ ህመሙ የባሰበት መስሎን ነበር። እርሷ ግን አስቀምጣ፣ እግሩን አይታ፣ «ውስጥህ አላስቀምጥ ይልሃል?» ብላ ጠየቀችው። «አዎ፣ ጉንዳን እንደወረረኝ ነው» አለ። ከመርፌው የሚመጣ ችግር ነበር። ለሀኪም ጽፋ ላከችው፣ መጠኑ ተስተካከለ፣ መመላለሱ በሳምንታት ውስጥ ቀነሰ። የጠዋት እንቅልፉና ግድ የለሽነቱ ግን የህመሙ አንድ ገጽ እንደሆነ፣ ስንፍና ተብሎ እንዳይሰደብበት ነገረችን።

ስለ ጸበሉ ከእናቴ ጋር አልተከራከረችም። ሌላ የጤና ባለሙያ ቀደም ሲል «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ እናቴን አስቀይሟት፣ መድኃኒቱን በድብቅ አስቁማው ነበር። ሲስተር «የንስሐ አባታችሁን ላናግራቸው?» ነው ያለችው። አናገረቻቸው። አባም መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ የሚናገረውን ለእናቴ አነበቡላት። ከዚያ ወዲህ ጸበሉም መርፌውም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ከሁሉ የምወደው የእድሩ ነገር ነው። የብሎኮቻችን እድር አዲስ ነው፤ ድንኳንና አግዳሚ ገዝቶ የሚሸከም ወጣት ግን አላገኘም። ሲስተር ከወንድሜ ጋር ተማክራ ሊቀመንበሩን አነጋገረች። በመጀመሪያው ለቅሶ ወንድሜ ሃያ አግዳሚ ከመጋዘን አውጥቶ ደረደረ፣ በሦስተኛው ቀን ቆጥሮ መለሰ። ከሟች ቤተሰብ አንዲት አሮጊት «እድሜ ይስጥህ ልጄ» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ቤት ሲገባ ሳንነግረው ታጠበ። ልጆቻቸውን ይጠሩ የነበሩት ጎረቤቶች አሁን «የእድሩ ልጅ» ይሉታል። እድሩ ትንሽ አበል ቢያስብለት ደስ ይለኝ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ይህን ካነበቡ ፍንጭ ይሁንልኝ።

ተፈወሰ እያልኳችሁ አይደለም። ባለፈው ታኅሣሥ መርፌው ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ሲዘገይ ህመሙ ተመለሰ። ነገር ግን ደህና በነበረበት ጊዜ ሲስተር ከእርሱ ጋር ተቀምጣ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን በራሱ እጅ አስጽፋዋለች፦ ሁለት ሌሊት አለመተኛት፣ ምግብን ማሽተት፣ ነጠላውን ቴሌቪዥን ላይ ማልበስ። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ነጠላው ሲወጣ ማንም አልጮኸም፤ አባቴ ደወለ፣ በማግስቱ ሀኪም አየው። ሆስፒታል ሳይተኛ አለፈ።

ቤት ለቤት መምጣቱን ስናመሰግናት «የእኔ ፈጠራ አይደለም» ትላለች። ቡታጅራ አካባቢ፣ በሶዶ ወረዳ፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን በየቤታቸው እየጎበኙ፣ ቤተሰቡንና አካባቢውን እያስተባበሩ ለዓመት የተደረገ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም ከመድኃኒት ጋር ይህን ያገኙት በዕለት ተዕለት ኑሯቸው የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። አራት ፎቅ የመውጣቱ ትዕግሥት ግን የራሷ ነው።

ለምትፈልጓት፦ ጤና ጣቢያው የትኛው እንደሆነ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እነግራለሁ። የቀድሞ ካርድና የሚወስደውን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። ከታማሚው ጋር አብዝቶ የሚጣላውን የቤተሰብ አባል ሳትረሱ ውሰዱ፤ እርሱን ነው አስቀድማ የምትፈልገው። ሰኞ ጠዋት ወረፋው ረጅም ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ስልክ አታነሳም፤ እኔ መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር፣ ኋላ የራሷ ልጆች እንዳሏት አየሁ። ፊት ለፊት ትናገራለች፤ መሸንገል የለመደ ሰው ይከፋዋል።

ወንድሜ ይህን ሲያነብ ሁለት አረፍተ ነገር አስጠፍቶኛል፤ የሆስፒታሉን ጊዜ የሚመለከቱ ነበሩ። ሌላ እርማትም አለው። አግዳሚዎቹ ሃያ አይደሉም፣ ሃያ አራት ናቸው፤ አንዱ እግሩ የተሰበረ ነው፣ እርሱ ይጠግነዋል።