250 ወይስ 300? የሆንዳ ሲአርኤፍ ምርጫ ከፍታ ላይ ለሚነዳ ሰው

ለአስፋልትም ለጥርጊያም የሚሆነው የ2021ዱ ሞተር ብስክሌት ሆንዳ ሲአርኤፍ300ኤል አሜሪካ ገበያ ሲገባ፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን (ኤቢኤስ) የሌለው ሞዴል ዋጋው 5,249 ዶላር ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው የ2020ው ሲአርኤፍ250ኤል ደግሞ 5,199 ነበር። በ50 ዶላር ልዩነት ማንም ብዙ አያመነታም፤ ማመንታት የሚጀምረው ሻጩ የተረፈውን 250 በቅናሽ ሲያቀርብ ነው። እኔ አዲሱን ገዛሁ። ከወራት በኋላም ምርጫዬን የማስረዳው በአንድ ነገር ነው፤ በፒስተኑ ምት፣ ማለትም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ በሚመላለስበት ርዝመት።

የሲሊንደሩ ስፋት በሁለቱም 76 ሚሊ ሜትር ነው። የፒስተኑ ምት ግን ከ55 ወደ 63 ሚሊ ሜትር ረዝሟል፤ 250 የነበረው ሞተር 286 ሲሲ የሆነውም በዚህ ነው። የመጠምዘዝ ጉልበቱ ከ22.6 ወደ 26.6 ኒውተን ሜትር ከፍ ብሏል። ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ምንም ላይመስል ይችላል። የምኖርባት የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ከተማ ዴንቨር ግን 1,600 ሜትር ላይ ያለች ናት፤ እዚያው ኮሎራዶ ውስጥ ከአልማ ወደ ሌድቪል ከተማ የሚያሻግረው የተራራ መተላለፊያ፣ ሞስኪቶ በር፣ ደግሞ 4,019 ሜትር ይደርሳል። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። የኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫው ድብልቁን ያስተካክላል እንጂ የሌለ አየር አያመጣም፤ የሞተሩ ጉልበትም በዚያው ልክ ይወርዳል።

አብሮኝ የሚወጣ ጓደኛዬ 250ውን ስለሚነዳ፣ ልቅ ድንጋይ የሞላባቸው ዳገቶች ላይ እየተለዋወጥን ሞክረናቸዋል። 300ው በሁለተኛ ማርሽ ረጋ ብሎ በሚወጣበት ቦታ፣ 250ው በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን በከፊል እየያዙ መንዳት ይጠይቃል። ድካሙ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ እጅ ይዝላል፣ ከዚያ ሚዛን ይጠፋል። የአዲሱ ፍሪሲዮን መያዣ መቅለሉም ቀኑ ሲገፋ በግልጽ ይታወቃል። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያሉት ማርሾች ለዳገት እንዲመቹ ተቀራርበዋል፤ ስድስተኛው ግን ለአስፋልት ረዝሟል። ከዴንቨር ወደ ተራራው በሚያወጣው ዋና መንገድ ግን፣ ፈጣን መኪኖች መሃል፣ ሁለቱም ደካሞች ናቸው።

ሌላው ለውጥ ያን ያህል አያከራክርም። ክብደቱ 4 ኪሎ ግራም ያህል ቀንሷል፤ ከመሬት ያለው ከፍታ 285 ሚሊ ሜትር ደርሷል፤ የማርሽ ቁጥር የሚያሳየው ሰሌዳም ጥሩ ነው። 7.8 ሊትር የሚይዘው የነዳጅ ጋን ትንሽ ቢሆንም፣ ሞተሩ ቆጣቢ ስለሆነ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል።

አዲሱ ሞዴል ያልፈታው ነገር ሞላው ነው። የፊትና የኋላው ሞላ ወደ ታችና ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ርዝመት ወደ 260 ሚሊ ሜትር ቢረዝምም የተሠራው ለቀላል ሰውና ለለሰለሰ መንገድ ነው፤ የፊቱ ሹካ ጨርሶ ማስተካከያ የለውም። ከ80 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው፣ ዕቃም ከጫነበት፣ ጠንካራ ሞላ መግጠሙ የማይቀር ነው። ወጪውን ገና ሲገዛ ዋጋው ላይ ደምሮ ያስበው።

ስለዚህ ቆላ ለሚኖር፣ በጥርጊያ መንገድ ብቻ ለሚነዳ ሰው፣ ቅናሹ ለሞላ መቀየሪያ የሚበቃ ከሆነ 250ውን እንዲወስድ ያለማመንታት እመክረዋለሁ። ጥሩ ሞላ ያለው 250 በጎርባጣ መንገድ ላይ ከፋብሪካ እንደወጣ ካለው 300 የተሻለ ነው። ደጋ ላይ የሚነዳ ሰው ግን ሂሳቡ ይለወጥበታል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣው መንገድ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይልቃል። እንደዚህ ባለ ቦታ ለሚነዳ፣ ሞላውን ቀስ ብሎ ማሻሻል ይቻላል፤ የሲሊንደሩን 36 ሲሲ ግን በኋላ ልግዛ ቢሉ ከባድ ወጪ ነው።