የቼስተር ባለ ሁለት ደርብ ሱቆች፦ ከፊት ገጽታቸው ይልቅ ከእግር ሥር ያለው

በእንግሊዝ አሮጌ የሱቅ ሕንፃዎች የተሰለፉባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው። ሰው ግን ዝናብ እየጣለ ጃንጥላ ሳይዘረጋ ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚዘዋወርበት፣ ይኸውም የመካከለኛው ዘመን አሠራር ሆኖ እስከ ዛሬ በአገልግሎት ላይ ያለ የገበያ መንገድ ከፈለገ የሚሄድበት ከተማ ቼስተር ነው። እኔም የሄድኩት በእንዲህ ያለ ዝናባማ ቀን ስለነበር፣ «ሮውስ» ተብለው የሚጠሩትን እነዚህን ሱቆች በቅርስነታቸው ብቻ ሳይሆን ለገበያተኛ በሚሰጡት አገልግሎትም ለመመዘን ዕድሉን አግኝቻለሁ።

አሠራሩ በሌላ ቦታ ያላየሁት ዓይነት ነው። ሮማውያን «ዴቫ» ብለው በቆረቆሩት የጦር ሰፈር ላይ የበቀለችው ከተማ፣ ኢስትጌት፣ ዋተርጌት፣ ኖርዝጌትና ብሪጅ በተባሉ አራት ዋና ጎዳናዎች ትከፈላለች፤ ጎዳናዎቹ የሚገናኙትም «መስቀሉ» በሚባለው አደባባይ ነው። በእነዚህ ጎዳናዎች ግራና ቀኝ አንዱ ሱቅ ከጎዳናው እኩል ወይም ጥቂት ደረጃ ዝቅ ብሎ ሲገኝ፣ ከላዩ ደግሞ በእንጨት ደረጃ ወይም በድንጋይ ደረጃ የሚወጣበት ባለ ጣራ በረንዳ አለ፤ ከበረንዳው ኋላ ሌላ የሱቅ ረድፍ ተደርድሯል፤ ከዚያም በላይ ያሉት ፎቆች በረንዳውን አልፈው እስከ ጎዳናው ጠርዝ ድረስ ወጥተው ጣራ ይሆኑታል። በረንዳው ከአንዱ ባለቤት ሕንፃ ወደ ሌላው ባለቤት ሕንፃ የሚያልፍ ሲሆን፣ ሕንፃው የግል ቢሆንም መተላለፊያው የሕዝብ ነው። የየቤቱ ወለል ከፍታ የተለያየ በመሆኑም ተራማጁ ሳያስበው አንድ ደረጃ ይወጣል፣ ሁለት ደረጃ ይወርዳል። በመተላለፊያውና በጎዳናው በኩል ባለው መከታ መካከል ደግሞ ወደ ላይ ያዘነበለ ሰፊ የእንጨት መደብ ይታያል። መደቡ የነጋዴ ዕቃ ማሳያ ከመሆኑም በላይ፣ ከሥሩ ወዳለው ምድር ቤት የሚገባ ሰው ራሱን እንዳይመታ ከፍታ ይሰጣል። አንድ ጣውላ ለሁለት ሱቆች ሲያገለግል ማየት ለእኔ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጥ አስደስቶኛል።

ጎብኚ ሁሉ የሚያነሳው ጥቁርና ነጭ የፊት ገጽታ ግን በአብዛኛው የ19ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። በመስቀሉ ማዕዘን ላይ ቆሞ የፖስታ ካርድ ሁሉ ማስጌጫ የሆነውን ሕንፃ ቶማስ ሎክዉድ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው፤ በኢስትጌት በኩል ያለውን የ1899 ያጌጠ ሰዓት የነደፈው ጆን ዳግላስም የዚያው ትውልድ ሰው ነው። ይህን ሲሰሙ የሚከፋቸው ጎብኚዎች አሉ። በእኔ አስተያየት ማታለል የሚባለው የበረንዳው አሠራር ጠፍቶ ቀለሙ ብቻ ቢቀር ነበር፤ እነዚህ አርክቴክቶች ግን አዲሱን ሕንፃ ሲያቆሙ መተላለፊያውን አልዘጉትም። የከተማው ሰው ከዚህ መልክ ጋር ምን ያህል እንደተቆራኘ የሚያሳየው የብሪጅ ጎዳናው ቅዱስ ሚካኤል መተላለፊያ ነው፦ በ1910 ፊቱ በነጭ የሸክላ ንጣፍ ተሸፍኖ ቢሠራም፣ የሕዝቡ ተቃውሞ ስለበረታ የዌስትሚንስተሩ መስፍን በማግሥቱ ዓመት አስነቅሎ በጥቁርና ነጭ እንጨት እንዲተካ አድርጓል። ወደ ውስጥ ከተዘለቀ ያ ነጭ ንጣፍ አሁንም አለ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ከውጪው ይልቅ እሱን ወድጄዋለሁ።

እውነተኛው ዕድሜ ያለው ከእግር ሥር ነው። በ1278 ታላቅ ቃጠሎ የከተማይቱን ሰፊ ክፍል ካወደመ በኋላ በተካሄደው ግንባታ፣ ነጋዴዎች ምድር ቤታቸውን እሳት በማይበላው ድንጋይ እየሠሩ ከላዩ የእንጨት ቤት ያቆሙ ነበር። በረንዳው ለምን ወደ ላይ እንደወጣ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ ከጎዳናው ኋላ የተከመረው የሮማውያን ፍርስራሽ መሬቱን ከፍ ስላደረገው ነው የሚሉም አሉ። በዋተርጌት ጎዳና ቁጥር 11 ያለው ባለ ቅስት የድንጋይ ምድር ቤት የዚያ ዘመን ማስረጃ ነው። በብሪጅ ጎዳና ያሉት «ሦስቱ አሮጌ ቅስቶች» ደግሞ በእንግሊዝ ከቀሩት የሱቅ ፊቶች ሁሉ ምናልባት ጥንታዊው እንደሆኑ ይነገርላቸዋል። ጌጥ የሌላቸው ድንጋዮች ስለሆኑ ብዙው ሰው ቀና ብሎ ሳያያቸው ያልፋል።

ጊዜው አጭር የሆነበት ጎብኚ ዋተርጌትን ያስቀድም። ሕዝቡ የሚተራመሰው በኢስትጌት ቢሆንም፣ የቀድሞው ይዞታ የተሻለ የሚታየው በዚህኛው ነው። የጳጳስ ሎይድ ቤት የሚባለው የ17ኛው መቶ ዘመን ሕንፃ ፊቱ በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ተቀርጿል፤ ከቅርጾቹ መካከል ሦስት እግሮች የተጋጠሙበት «ማን» የተባለችው ደሴት ምልክት የሚገኘውም ጆርጅ ሎይድ ወደ ቼስተር ከመዛወሩ በፊት የደሴቲቱ ጳጳስ ስለነበረ ነው። ከዚያው ጎዳና ያለው «የእግዚአብሔር ጥበቃ ቤት» የ1652 ጽሑፍ ቢኖረውም፣ በ1862 ከአሮጌው እንጨት ጥቂቱን እንደያዘ እንደገና ተሠርቷል።

ለገበያተኛ ያለውን አገልግሎት በተመለከተ አድናቆቴ ሙሉ አይደለም። የላይኛው በረንዳ በቀትርም ቢሆን ጨለምለም ይላል፤ ደረጃውም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ወይም የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ ሰው ትልቅ እንቅፋት ነው፤ ያለ ደረጃ የሚወጣባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። እግረኛው በታች በኩል ስለሚያዘነብል ከላይ ተዘግተው የቆሙ ሱቆች አይቻለሁ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የልብስ መደብር ውስጥ ደግሞ ጥንታዊው የድንጋይ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣራ በዕቃ መደርደሪያ ተሸፍኖ ስላገኘሁት፣ ለማየት የወረድኩትን ሳላይ ካልሲ ገዝቼ ወጥቻለሁ።

የታችኛው ብሪጅ ጎዳና በረንዳው ባይኖር ምን እንደሚጎድል ያሳያል። ሰር ሪቻርድ ግሮቭነር በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን፣ በ1643፣ ዛሬ «ፋልከን» የሚባለውን ቤቱን ለማስፋት የበረንዳውን ክፍል ወደ ውስጥ አስገብቶ እንዲዘጋው ከከተማው ፈቃድ ጠየቀ፤ ሌሎችም ባለቤቶች ተከተሉት። የቀድሞው መተላለፊያ ዓምዶች አሁንም በቤቱ ውስጥ ቆመዋል፤ ውጪ ያለው እግረኛ ግን መሸሸጊያ የለውም። እኔም ያን ቀን ጃንጥላዬን ለመጀመሪያ ጊዜ የዘረጋሁት እዚያ ስደርስ ነው።