የምስጋና ጽሑፍ፦ ከዚራ ላለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ባለሙያ

የድሬና የሐረር መምህራን፣ ይቺን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ለባልደረቦቻችሁም አድርሱልኝ። ለአንዲት ልጅ የምስጋና ዕዳ አለብኝ። "ነገ እጽፋለሁ" እያልኩ ብዙ ቆየሁ፤ ከዚህ በላይ ማቆየት ግን ነውር ነው።

እኔ ሳቢያን አካባቢ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ነኝ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ያልተውኩት አንድ ልማድ አለኝ። ከክፍል ስወጣ ያስተማርኩትን፣ ልጆቹ የት ላይ እንደተደናቀፉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደምቀይር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። መምህራን በር ዘግተን ነው የምናስተምረው፤ ጎረቤት ክፍል ያለው ጓደኛችን ክፍልፋይን ከየት እንደሚጀምር እንኳ ሳናውቅ ጡረታ የምንወጣ ብዙ ነን። ለእኔ የማማክረው ባልደረባ ደብተሬ ነበር።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆየ ደብተሮቼን በኮምፒውተር ይጽፍልኝ ነበር። ልጆቹን አይቷቸው አያውቅም፣ ግን ማታ እራት ላይ "ያቺ ኋላ የምትቀመጠው ልጅ ማካፈል ገባት?" ብሎ ይጠይቀኛል። በ2011 ዓ.ም. አረፈ። የስምንት ዓመት ጽሑፍ በአንድ ፍላሽ ውስጥ ቀረ፤ እኔም ከመሳቢያ አላወጣሁትም።

ጥር 2015 ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ተነገረ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት ልጆች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ አራተኛና አንድ ስምንተኛን መለየት ያቃተው ልጅ ከእኔ ክፍል ተሸክሞት የሚሄደው ጉድለት የት እንደሚያደርሰው አውቃለሁ። ያን ሌሊት ፍላሹን አወጣሁት። ያለኝን ለሌሎች መምህራን ላካፍል፣ እነሱም ያላቸውን ይንገሩኝ ብዬ። ስልኬ ላይ ሰክቼ ስከፍተው ፊደሉ በሙሉ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ። አንድ ቃል አይነበብም።

ከዚያ በኋላ የገጠመኝን ስጽፈው አሁንም ሆዴ ይቃጠላል። የማንንም ስም አልጠራም። አንዱ ጽሕፈት ቤት "ሁሉም እንደ አዲስ መጻፍ አለበት" ብሎ ከወር ደሞዜ በላይ ጠየቀኝ። ሁለተኛው "ሦስት ቀን ስጪን" አለኝ፤ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። በመጨረሻ "ቫይረስ ስለነበረበት ፎርማት አድርገነዋል" ብለው ባዶ ፍላሽ ሰጡኝ፤ የአገልግሎት ብለውም ተቀበሉኝ። ይቅርታ እንኳ የለም። ሦስተኛው ቤት እያለቀስኩ ነው የገባሁት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና "ለ5ኛ ክፍል ሒሳብ ነው ይሄ ሁሉ?" ብሎ ሳቀ። የባሌ የእጅ ሥራ ነው ማለት አቃተኝ፤ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ከዚራ ወዳለችው ልጅ የላከችኝ ባጃጅ ላይ አብራኝ የተሳፈረች አንዲት ሴት ናት፤ ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ። ቤቷ ጠባብ ነው፤ አንድ ኮፒ ማሽን፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማራገቢያ። ታሪኩን ስነግራት እንባዬ መጣ። "አቦ ቲቸር፣ አታልቅሺ! መጀመሪያ እንየው" አለችኝ። ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ከዚያ በፊት የትኛውም ቤት የሚሠሩትን አሳይተውኝ አያውቁም። ፎርማት ከተደረገ በኋላ በፍላሹ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልተጻፈም። "ጎሽ! እስክነግርሽ ሌላ ቦታ እንዳትሰኪው" አለች።

እንዴት እንዳደረገችው አትጠይቁኝ። ጠፋ የተባለውን ፋይል መልሳ አወጣችው። የተጻፈው በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በፓወር ግዕዝ፣ ስለነበር ፊደሉን ዛሬ ስልክ ሁሉ ወደሚያነበው ዩኒኮድ ቀየረችልኝ። ሁለት ፋይል አልተረፈም፤ እሱንም ሳትደብቅ "እነዚህን አልቻልኩም ቲቸር፣ ይቅርታ" አለችኝ። አላጠፋችውም እኮ! ያላጠፋች ልጅ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

እኔን የነካኝ ግን ከዚህም የሚበልጥ ነው። ፊደሉ በትክክል መቀየሩን ለማየት ገጽ በገጽ ስታነብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስሄድ "ቲቸር፣ አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ ለምን እንደሚያንስ አሁን ነው የገባኝ" አለችኝ። ትምህርት ቤት ሳለች 8 ከ4 ይበልጣልና አንድ ስምንተኛም ይበልጣል ብላ ታስብ እንደነበር፣ ስትሳሳት ተስቆባት ከዚያ ወዲህ ሒሳብ እንደጠላች ነገረችኝ። የእኔም ልጆች በየዓመቱ የሚሳሳቱት እዚያው ላይ ነው። ከዚያ "ይሄን የምትጽፊው ለማን ነው?" አለችኝ። ለራሴ አልኳት። "ከሐረር እየመጡ እንዲሁ ያሉ ወረቀቶች የሚያስጽፉኝ መምህር አሉ። እሳቸውን ላስፈቅድና፣ አንቺም ከፈቀድሽ ላገናኛችሁ?" አለች። ስልኬን ዝም ብላ አልሰጠችም፤ ሁለታችንንም አስፈቀደች። ይቺን ጨዋነት ልብ በሉልኝ።

መምህሩ ደወሉልኝ። ስለ ክፍልፋይ የጻፍኩትን ላኩላቸው። በማግስቱ መለሱልኝ፦ "ቁጥሩን ከመጻፍሽ በፊት አንድ ዳቦ ለ4 ሰው ቢካፈል ነው ወይስ ለ8 ሰው ቢካፈል ድርሻችሁ የሚበዛው ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ከዚያ እኩል ርዝመት ያላቸውን ወረቀቶች አስተጣጥፊያቸው።" ስንት ዓመት ወረቀቱን ሳስተጣጥፍ ኖሬያለሁ፤ ጥያቄውን ግን አስቀድሜ ጠይቄ አላውቅም። ልጆቹ ሳይጨቃጨቁ "ለ4!" ብለው ጮኹ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ባለቤቴን አስታወስኩት። ይህን ቢሰማ እንዴት ደስ ባለው!

አሁን ከድሬም ከሐረርም 19 መምህራን ሆነናል። በየሳምንቱ ዓርብ አንዳችን አንድ ገጽ እንጽፋለን፤ ምን አስተማርኩ፣ ልጆቹ የት ቆሙብኝ። ሌሎቻችን ያየነውን እንጨምራለን። "አልገባቸውም፣ ምን ላድርግ?" ብሎ መጻፍ መጀመሪያ ያሳፍራል፤ አንዱ ደፍሮ ሲጽፍ ግን ሁሉም "እኔም እኮ" ይላል። በዓመት 60 ሰዓት የሚጠበቅብን ተሙማ (ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ)፣ ለዓመታት ፖርትፎሊዮ ለመሙላት ብቻ የማደርገው ነገር፣ ዘንድሮ የምናፍቀው ሆኗል። ባለፈው ቅዳሜ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረር ተገናኘን። በድምፅ ብቻ የማውቃቸውን ሰዎች ጀጎል በር ላይ ሳቅፍ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ቡናውም፣ ወሬውም ስለ ክፍልፋይ ነበር።

ይሄ ሁሉ የመጣው ከዚያች ጠባብ ቤት ነው። ያስከፈለችኝ የኮፒውን ብቻ ነው፤ ለፋይሉ ብዬ ብር ሳወጣ "ያስተማርሽኝን ክፍልፋይ ስንት ልበልሽ?" ብላ መለሰችልኝ። እባካችሁ፣ ፈተና የምታስጽፉ፣ ማስታወሻችሁ የማይከፈትላችሁ፣ ፍላሻችሁ የተበላሸባችሁ መምህራን ወደ እሷ ሂዱ። ቃሏን ትጠብቃለች፤ ነገ ካለች ነገ ነው። የሰው ሥራ አታንቋሽሽም። ያልቻለችውን አልቻልኩም ትላለች። ደግሜ እላለሁ፣ ወደ እሷ ሂዱ፤ ክፍያዋንም አሳምራችሁ ክፈሏት፣ እኔን እንዳደረገችው እንዳታደርጋችሁ።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ስለምትዘጋ ጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። የክፍልፋዩ ቲቸር ልካን ነው በሏት።