አንድ ክፍል፣ 12 ሰው፣ ከ10 ዘጠኝ ተኩል

የድሮ የሆሊውድ ፊልሞችን እያየሁ ነጥብ መስጠት ከጀመርኩ ወዲህ፣ እንደ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ፈዝዤ እንድቀር ያደረገኝ የለም። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ለሲኒማ የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

አባቱን ገድሏል የተባለ ልጅ አለ። 12 የጁሪ አባላት (ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው እንዲወስኑ ፍርድ ቤት የመረጣቸው ተራ ሰዎች) በሙቀት በታፈነች ክፍል ተቆልፎባቸው ይወስናሉ። 11ዱ ጥፋተኛ ነው ብለው እጃቸውን ሲያወጡ አንዱ ብቻ ዝም ይላል። ተዋናዩ ሄንሪ ፎንዳ ነው።

ግድያው ተፈጽሞባታል የተባለችውን የሴንጢዋን ትዕይንት ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። ሁሉም «እንደሷ ዓይነት ሌላ አይገኝም» ብለው ድርቅ ሲሉ፣ ፎንዳ ቁርጥ እሷን የመሰለች ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይሰካታል። ክፍሉ ይናወጣል። እኔም ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ።

ካሜራውን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ከላይ ሆኖ ያያቸዋል። ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ሌንሱም ስለሚለወጥ ግድግዳው የሚጠጋቸው ይመስላል። ሁለተኛ ሳየው ነው የገባኝ፤ መጀመሪያ ግን ትንፋሽ እያጠረኝ ምክንያቱን አላወቅኩም ነበር።

ትወናው ሁሉም አንደኛ ነው። ከጁሪዎቹ አንዱን የሚጫወተው ሊ ጄ. ኮብ ግን ይለያል፤ የገዛ ልጁን ፎቶ ሲቀድ አንጀቴን በላው።

ግማሽ ነጥብ የቀነስኩት መጨረሻ አካባቢ የሚመጣው ማስረጃ ትንሽ ተመቻችቶ የመጣ ስለመሰለኝ ነው። ርዝመቱ 96 ደቂቃ ብቻ ነው። ስልካችሁን አጥፍታችሁ እዩት።