ግድግዳችንን ሳይነካ ስድስት ክፍል ላደሰልን ቴክኒሻን

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ! ይህን በአደባባይ የምጽፈው እንደ እኛ የተቸገረ ካለ ይጠቀምበት ብዬ ነው።

የምሠራበት ማሰልጠኛ ስድስት ክፍሎች አሉት። የሁሉም ስክሪንና ስፒከር ምስልና ድምፅ የሚያገኘው አንድ ቦታ ካለ ማከፋፈያ ነው። ዕቃው የአናሎግ ዘመን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጃኮቹን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለውን ላፕቶፕ በኮንቨርተር ስንሰካበት ምስሉ ይደበዝዛል። አሰልጣኙ ትምህርቱን ትቶ ከገመድ ጋር ሲታገል ማየት ያሳዝናል።

መጀመሪያ የጠየቅነው ባለሙያ "ኬብሉ በሙሉ ይውጣ" አለን። ኮርኒስ ማውረድ፣ ግድግዳ መሰርሰር ማለት ነው። ነገሩን ተውነው።

ይሄኛው ግን ስለ ዋጋ ሳያነሳ የኬብሉን ሽፋን አነበበ። ካት ፋይቭ ኢ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል ነው። የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቀው፤ ውስጡም መዳብ ነው። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ "ይቀየር" እንደሚለን ነገረኝ። ከዚያ የስድስቱንም መስመር ርዝመት አንድ በአንድ ለካ። ረጅሙ 40 ሜትር አይሞላም። "ኬብሉ ደህና ነው፤ ያረጀው ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው ዕቃ ነው" አለኝ።

ያስገባልን ኤችዲቤዝቲ የሚባለውን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ባለ 1080ፒ (ፉል ኤችዲ) ምስልን ከነድምፁ በአንድ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። እንደኛ ባለ ኬብል ላይ ፎርኬ (ከ1080ፒ የበለጠ ጥራት ያለው ምስል) ሲሆን ርቀቱ ያጥራል። መሃል ላይ ተራ የኔትወርክ ስዊች ስለማይገባበት መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥታ መሆን አለበት።

የእጁን ጥንቃቄ ያየሁት ጃኮቹን ሲቀይር ነው። ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት ረብሻ እንዳይገባባቸው ነው። የድሮው ሠራተኛ ጥምዝምዙን የጣት ርዝመት ያህል ፈቶት ነበር። እሱ ያንን ቆርጦ ጣለውና ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ሳይፈታ እንደገና አሰረው። ስድስቱንም መስመር፣ ሁለቱንም ጫፍ እንዲህ ሠራ። አንዴም ሲቸኩል አላየሁትም።

አንዱ መስመር ግን ሰማያዊ ሽቦው መሃል ላይ ተበጥሷል። አልሸፋፈነውም። "ይሄ አይድንም" አለና አዲሱን ኬብል ከአሮጌው ጫፍ ጋር አስሮ በዚያው ቧንቧ ሳበው። ግድግዳው አልተነካም። የስፒከር ሽቦዎቹም ተለክተው ደህና ስለሆኑ ባሉበት ቀሩ።

አንድ ስክሪናችን ፎርኬ አይችልም። ላፕቶፕ ደግሞ የሚልከው ስክሪኑ እችላለሁ ያለውን ነው። ስለዚህ ማከፋፈያውን ሁሉም በሚስማሙበት 1080ፒ አስተካከለው። ይሄን ሳንጠይቀው ነው ያሰበልን።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፤ ፈቅዶልኛል። ከመደወላችሁ በፊት ኬብላችሁ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።